የወርሳሜ ልጆችና የክለቡ ወንበር

ዓደን፣ መዓላ
ታኅሣሥ 12 ቀን 1948 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሮብሌ ወርሳሜ፣ ድሬዳዋ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ አቦዌ፣ ወንድሜ? ድሬ በጤና ይዛሃለች ወይ? እኔም ባለቤቴ ዋርፋም ለአላህ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። ዋርፋ አሁንም የወደቡ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። አፋችን ሶማልኛ ቢሆንም ሶማልኛ ፊደል የለውምና፣ በልጅነቴ መጋላ ሰፈር የተማርኩትን የአማርኛ ፊደል እያስታወስኩ እጽፍልሃለሁ። ስህተቴን እያረምክ አንብብ፤ ግን አትሳቅብኝ።

ከድሬ የመጣ ነጋዴ ከዚራ ሰፈር ካሉት ንግድ ቤቶች በአንዱ የሒሳብ ሠራተኛ መሆንህን ሲነግረኝ እልል አልኩ። ቀጥሎ ደግሞ ሐጂ ካሂን የኳስ ክለቡን ሒሳብ እንድትይዝለት እንደጠየቀህና አንተ እንቢ ልትል እንደሆነ ነገረኝ። እንቢ እንዳትል።

ካሂን አባታችንን ያዋረደበትን ቀን አንተ ሐረር ትምህርት ላይ ስለነበርክ አላየህም። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከወንበሮቹ ኋላ ባለው የጎረቤት ግንብ ላይ ሆኜ አይቻለሁ። የክለቡን ሜዳ ድንጋዩን ለቅሞ ያጸዳ፣ ኳሱን በገዛ እጁ የሰፋ፣ የመጋላን ልጆች ሰብስቦ «ደቻቱ ኮከብ» ብሎ ስም ያወጣ አባታችን ነው። ካሂን በኋላ መጥቶ ማልያ ገዛና ፕሬዚዳንት ተባለ። አባታችን ቅር አላለውም። የዋንጫው ቀን ገዥው ሲመጡ፣ አባታችን የሠርጉን ኮት ለብሶ ከፊት ረድፍ ተቀመጠ። ካሂን መጣና «ይህን ቆዳ ሰፊ ማን እዚህ አስቀመጠው? ሽታው እንግዶቹ ጋ ይደርሳል» ብሎ ክንዱን ይዞ አስነሣው። በሩ በወዲያ ማዶ ነው። ሁለቱ ቡድኖች ተሰልፈው ቆመው እያለ አባታችን ሜዳውን መሐል ለመሐል አቋርጦ ወጣ። ሕዝቡ ኳስ ሊያመጣ የተላከ መስሎት ያጨበጭብለት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ኳስ አልሰፋም። የአህያ ኮርቻ ብቻ እየሰፋ ቆይቶ ሞተ። ካሂን ለቅሶም አልደረሰ።

እና ሂድ፣ ግባ። ሲጋብዝህ ብላ፣ ሲስቅ ሳቅ። አንድ ቀን ከዚያ ወንበር በሰው ፊት እንዲነሣ እፈልጋለሁ። ከዚህ ሌላ ከአንተ የምጠይቀው ነገር የለም።

እህትህ ሸምሶ


ድሬዳዋ
የካቲት 20 ቀን 1948 ዓ.ም.

ለአባዮ ሸምሶ፣ እንደ እናቴ ለማይሽ እህቴ

ሰላምታዬ በባሕሩ ላይ ተሻግሮ ይድረስሽ፤ አላህ ከዓደን ሙቀትና ከሰው ዓይን ይጠብቃችሁ።

እንዳልሽኝ አድርጌያለሁ። ካሂን ሱቁ ውስጥ ተቀብሎኝ ሻዩን ራሱ ቀዳልኝ። ስሜን ስነግረው ምንም አልመሰለውም፤ እዚህ አገር ወርሳሜ የሚባል ሰው ሞልቷል። «ኳስ የሚችልስ አላጣንም፤ የጎደለን ቁጥር የሚችል ነው» አለኝ። ከሥራ በኋላ ማታ ማታ እንድሠራ ተስማማን።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ሌባ ነው ብለሽ ጠርጥረሽ ከሆነ፣ አይደለም። መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር አየሁት፤ ንጹሕ ነው። ሰውዬው የክለቡን ገንዘብ አልነካም፤ እንዲያውም ከኪሱ ይጨምራል። በዚህ በኩል የሚያዝበት ነገር የለም።

ዓደን ዕቃ ርካሽ ነው ይላሉ። የሚመጣ ሰው ካገኘሽ የኳስ የውስጥ ጎማ ከመነዳሪ፣ ሁለት ፊሽካና ቁጥራቸው ትልልቅ የሆነ የታኬታ ጫማዎች ላኪልኝ። ልጆቹ በባዶ እግራቸው ነው የሚጫወቱት።

ታዛዥ ወንድምሽ ሮብሌ


ዓደን
ሚያዝያ 3 ቀን 1948 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሮብሌ

ሰላም ላንተ ይሁን። ዕቃውን በጅቡቲ በኩል ልኬያለሁ። ታኬታ ለካሂን ቡድን ስገዛ ሁለት ጊዜ ከሱቁ ወጥቼ ተመለስኩ፤ ግን አባቴ ለሰበሰባቸው ልጆች ነው ብዬ ገዛሁ።

መዝገቡ ንጹሕ ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ወላሂ። ሌባ ሆኖ ቢገኝ መንግሥት ጣለው ይባል ነበር። እኔ የምፈልገው በአባቴ ምክንያት እንዲወድቅ ነው።

ምን ይወዳል? ምን ይፈራል? ይህን ጻፍልኝ።

ሸምሶ


ድሬዳዋ
ጥር 9 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለአባዮ ሸምሶ

ይህን ያህል ጊዜ በመዘግየቴ እንዳትቀየሚኝ እለምንሻለሁ። አላህ ይጠብቃችሁ፣ ቤታችሁን ይሙላ።

ሥራው ጊዜዬን ወስዶት ነው። ባለፈው ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ጎሉን ከነቋሚው፣ አጥሩን ከነቆርቆሮው ይዞት ሄደ። ክለቡ አበቃለት ሲባል እኔ ከነጋዴው ሁሉ ቆርቆሮ ለመንኩ፤ ሜዳውን ዙሪያውን አጠርነው። አሁን ሰው በቲኬት ነው የሚገባው። የባቡር መሥሪያ ቤቱን አስፈቅጄ ልጆቹ ለጨዋታ ሲሄዱ በቅናሽ ይሳፈራሉ። ጥሩ በረኛ አግኝተን ሐረር ሊወስዱብን ሲሉ ጥጥ ፋብሪካ ሥራ አስገባሁትና አስቀረሁት። በዚህ ዓመት ዋንጫውን በላን። እኔም የከዚራውን ሥራ ትቼ የክለቡ ዋና ጸሐፊ ሆኜያለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እሑድ ሜዳው ሞልቶ ሳየው አባታችን ትዝ ይለኛል፤ ደስም ይለኛል።

ምን ይወዳል ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እሳቸው የሚወዱት ወንበራቸውን ነው። ከፊት ረድፍ፣ መሐል ላይ። ሰው ሲነሣላቸው ደስ ይላቸዋል።

ባለፈው ወር አግብቻለሁ። ሚስቴ በድሪያ ትባላለች፤ ከመጋላ ልጆች ናት። ሠርጉ ትንሽ ነበር። እሷም ሰላም ትልሻለች።

ሮብሌ


ዓደን
መጋቢት 1 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለሮብሌ

ሰላም ብያለሁ።

ደብዳቤህን ሳነብ «እሳቸው» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። የፊተኛው ደብዳቤህ ላይ «ሰውዬው» ነበር የሚለው። ከመቼ ወዲህ ነው ካሂን «እሳቸው» የሆነው?

ሠርጉ ትንሽ ነበር ብለሃል። ትንሽ እንዳልነበረ ሰምቻለሁ። ከዚያ የመጣች ሴት ቤቴ ተቀምጣ ሁሉን ነገረችኝ። ለበድሪያ ቤተሰብ ሽማግሌ ሆኖ የሄደው፣ «ልጃችሁን ለልጄ» ብሎ የጠየቀው ካሂን ነው። በአባታችን ቦታ። አንተ አጠገቡ ቆመህ።

ብላ አልኩህ እንጂ አባት አድርገው አላልኩህም። የማንን ኮት ለብሶ ነው የማን አባት የሚሆነው? መልስ የለህም፤ ስለዚህ አትጻፍልኝ። መልስ ስታገኝ ጻፍ።

ሸምሶ


ድሬዳዋ
ኅዳር 17 ቀን 1953 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሸምሶ

አላህ ልብሽን ያለዝብልኝ ብዬ እጀምራለሁ። ከሁለት ዓመት በላይ ዝም ያልኩት የምጽፈው አጥቼ አይደለም፤ የምትጠይቂኝን መልስ ይዤ ልጻፍ ብዬ ነው።

ስለ ሠርጉ ያልሽው እውነት ነው። አባት አልነበረኝም፤ እሳቸው እሄዳለሁ አሉ። አይሆንም ካልኩ ምክንያቱን መናገር ሊኖርብኝ ነው። እሺ አልኩ። በድሪያ ዛሬ ሁሉን ታውቃለች፤ እሷም እንዳንቺ በእኔ ነው የተቆጣችው።

አሁን መልሱን ልንገርሽ። የክለቡን መሪ የሚመርጡት ሐጂና የንግድ ጓደኞቻቸው ብቻ ነበሩ። እኔ «አባል ይብዛ፣ ሜዳውም ይሞላል» ብዬ አሳመንኳቸው። የባቡር ሠራተኛው፣ ተሸካሚው፣ የመጋላ ባለሱቅ ሁሉ አባል ሆኗል፤ ድምፅም አለው። ሁሉንም ቤታቸው ድረስ ሄጄ ያስገባሁት እኔ ነኝ። የፊታችን ጉባኤ ላይ ድምፁ የእኔ ነው።

ግን ትናንት ያላሰብኩት መጣ። ሐጂ ቢሮዬ ገቡና በሩን ዘጉ። «ሮብሌ ልጄ፣ ጉልበቴ እንቢ ብሏል» አሉኝ። «ልጆቼ ክለቡን አይፈልጉትም። በጉባኤው ለአንተ ማስረከቤን እናገራለሁ።» ዓይናቸው እንባ ነበረበት።

ዝም ብዬ ብቀበል ወንበሩ የእኔ ይሆናል፤ የወርሳሜ ልጅ ይቀመጥበታል። ይህ አይበቃም ወይ? ቶሎ ጻፊልኝ።

በድሪያና ልጃችን እጅ ይነሣሉ።

ሮብሌ


ዓደን
ታኅሣሥ 6 ቀን 1953 ዓ.ም.

ሮብሌ

አይበቃም። የሰጠህን ከተቀበልክ ምስጋናው የእሱ ነው፤ ሲሞትም «ክለቡን ለልጁ አወረሰ» ይባልለታል።

ከእጁ አትቀበል። ሕዝቡ ፊት ስማችንን ጥራ፣ ያደረገውን ተናገር፣ ከዚያ ውሰደው። ዋርፋ «ሰውዬው ራሱ ከለቀቀ ተዪው» ይለኛል። ዋርፋ አባቱ በእርጅና አልጋው ላይ ነው የሞተው።

ሸምሶ


ድሬዳዋ
ጥር 30 ቀን 1953 ዓ.ም.

ለአባዮ ሸምሶ

ሰላምታዬን ተቀበይ። የሆነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፍልሽ።

አዳራሹ ሞልቶ ውጭም ሰው ቆሞ ነበር። ሐጂ ተነሥተው «ከዛሬ ጀምሮ ክለቡን ለልጄ ለሮብሌ አስረክቤያለሁ» አሉ። ተጨበጨበ። እኔ ተነሣሁ።

«ሐጂ፣ ከእጅዎ አልቀበልም» አልኩ።

«ለምን?»

«የወርሳሜ ልጅ ስለሆንኩ። የኳስ ሰፊው የወርሳሜ።»

ፊታቸው በራ፤ ያልጠበቅሁት ይህን ነው። «የወርሳሜ ልጅ ነህ? ወርሳሜ እኮ ጓደኛዬ ነበር። ለምን እስከ ዛሬ ደበቅከኝ?» ብለው ሊያቅፉኝ መጡ።

«በዋንጫው ቀን ክንዱን ይዘው ከወንበር አስነሥተውታል» አልኩ።

«እኔ? ራሱ ነው ተነሥቶ የሄደው። ምን እንደነካው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።»

ሲናገሩ አየኋቸው፤ የሚዋሹ አይመስሉም። ያን ጊዜ በአባታችን ዘመን በረኛ የነበረው ኢስሃቅ ከኋላ ተነሣ። «አይደለም ሐጂ» አለ። «እርስዎ ነዎት ያስነሡት። ቆዳ ሰፊ ብለውታል። እኔ ሰልፉ ላይ ቆሜ በአጠገቤ ሲያልፍ አይቼዋለሁ። ያለቅስ ነበር።»

በእጅ ድምፅ ይሰጥ አልኩ። ከንግድ ጓደኞቻቸው በቀር ሁሉም እጁን ለእኔ አነሣ። ሐጂ ወደ ወንበራቸው ሲመለሱ «እዚያ አይቀመጡም» ብዬ በሩን አሳየኋቸው። ባርኔጣቸውን ሊያነሡ ጎንበስ አሉና ትተውት ወጡ።

ፕሬዚዳንት ሆኛለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ በድሪያ እራት አቅርባ ጠበቀችኝ፤ አልበላሁም።

ሮብሌ


ዓደን
መጋቢት 2 ቀን 1953 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣ ለዓይኔ ብርሃን ለሮብሌ

አላህ እጅህን ይባርክ፣ ዕድሜህን ያርዝም፣ ወንበርህን ያጽና። ደብዳቤህን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ለዋርፋም፣ ለጎረቤቶቼም። ባርኔጣውን ትቶ ሲወጣ የሚለው ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ።

አባታችን ማልቀሱን ግን አላውቅም ነበር። ከግንቡ ላይ ሆኜ ያየሁት ጀርባውን ነው። አሁን ካወቅሁ በኋላ ከአዳራሽ መውጣቱ ብቻ አልበቃኝም። ሜዳም ላይ ከፊት ረድፍ እንዳይቀመጥ እዘዝ። ከፈለገ እንደ ማንም ቲኬት ገዝቶ ገብቶ ከማዶ፣ ፀሐይ ላይ ይቀመጥ። ለአባትህ ይህን አድርግልኝ።

እህትህ ሸምሶ


ድሬዳዋ
ሰኔ 14 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለአባዮ ሸምሶ

ሰላምና ጤና ከእናንተ አይለይ። ዓደን ቦምብ እየተወረወረ ነው ሲባል ሰምተን በጣም አስበናል። ደህና መሆናችሁን ጻፊልን።

የጻፍሽልኝን አዝዤ ነበር። ከዚያ ወዲህ እሑድ በመጣ ቁጥር ሐጂ ካሂን ቲኬታቸውን ቆርጠው ይገባሉ፤ ከማዶ ድንጋዩ ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ ልክ በእኔ ትይዩ ይቀመጣሉ። የድሬን ፀሐይ ታውቂዋለሽ። ጨዋታውን ነው የሚያዩት ብዬ ራሴን አሳምን ነበር፤ ኳሱ ወደ ጎል ሲሄድም ግን ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። የሰፈር ልጆች ጃንጥላ ሲይዙላቸው ይመልሱታል። ወንበር ብልክላቸው «ለወርሳሜ ልጅ ንገሩት፣ እዚሁ ተስማምቶኛል» ብለው መለሱት።

ተጫዋቾቹ ሜዳ ሲገቡ መጀመሪያ ሄደው እጃቸውን ይስማሉ፤ ከዚያ ነው ወደ እኛ የሚዞሩት። ገዥው ይህን ሲያዩ ፈገግ ይላሉ። ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች ለቀውብኛል። ቡድኑ ያሸንፋል፤ እኔ ግን እሑድ እንዳይመጣ እመኛለሁ።

ሽማግሌ ልላክና ይቅር እንባባል። አንቺን ሳልጠይቅ አላደርገውም። አንድ ቃል ጻፊልኝ።

በድሪያና ልጆቹ ሰላም ይሉሻል።

ሮብሌ


ዓደን
ነሐሴ 8 ቀን 1956 ዓ.ም.

ሮብሌ

እኛ በሕይወት አለን። ዋርፋ ወደ ሥራ ሲሄድ በሕይወት ይመለስ እያልኩ ነው የምሸኘው።

አንድ ቃል ጻፊልኝ ብለሃል። አይሆንም።

ፀሐዩ ከበዛበት ቤቱ ይቀመጥ። ማን ጠራው?

ሸምሶ


ድሬዳዋ
ሰኔ 2 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሸምሶ

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ሐጂ ካሂን ሞተዋል። በግንቦት አጋማሽ፣ ሙቀቱ እሳት በሆነበት እሑድ፣ ከእረፍት በኋላ ወደ ጎናቸው ዘንበል አሉ። አጠገባቸው ያሉት እንቅልፍ መስሏቸው ነበር። እኔ አይቻለሁ፤ ዓይናቸው ከእኔ ላይ ሲነሣ ነው ያወቅሁት። ተነሥቼ ሮጥኩ። በመኪና ሆስፒታል ወሰድናቸው።

በማግሥቱ ልጃቸው በሩ ላይ አገኘችኝና አላባረረችኝም። «ይፈልጉሃል፣ ግባ» አለችኝ። ገባሁ።

«ስንት ለስንት አለቀ?» አሉኝ።

«አቻ ወጣን» አልኳቸው።

«በረኛው ሰንፏል። ለውጠው» አሉኝ። ቀጥለውም «ኢስሃቅ ውሸታም ሰው አይደለም» አሉ። «እሱ ካለ አባትህን አስነሥቼዋለሁ ማለት ነው። ግን አላስታውሰውም ልጄ። ስንት እሑድ እዚያ ተቀምጬ ላስታውስ ሞከርኩ። የማላስታውሰውን እንዴት ይቅርታ ልጠይቅ?»

ውኃ አጠጣኋቸው። በሦስተኛው ቀን አረፉ። ድሬ ሱቁን ዘግቶ ቀበራቸው። እኔ ከሰው ኋላ ነበርኩ።

ከክለቡ ለቅቄያለሁ። ከዚራ ወደ ድሮው ሥራዬ ተመልሻለሁ፤ ሒሳብ እሠራለሁ፣ ማታ ቤቴ እገባለሁ። ኢስሃቅን በቦታዬ መርጠውታል።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ልብሽ ረካ ወይ?

ሮብሌ


ዓደን
መስከረም 4 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሮብሌ

አሰላሙ ዐለይኩም። አዲሱን ዓመት አላህ የሰላም ያድርግልህ፤ በድሪያንም፣ ቤትህንም።

ልብሽ ረካ ወይ ብለሃል። ረክቷል። ሰውዬው ሞቷልና ሌላ ነገር ትላለች ብለህ አትጠብቀኝ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ቀን ደህና ተኛሁ፤ ለሱብሒ ሶላት ዋርፋ ነው ቀስቅሶ ያስነሣኝ። የማላስታውሰውን እንዴት ይቅርታ ልጠይቅ ማለቱንም አልቀበልለትም። ወርሳሜ ልጅ አለው ወይ፣ ያየ ሰው አለ ወይ ብሎ ቢፈልግ እኔ አስታውስለት ነበር። አንድ ሳይቀር ነው የማስታውሰው።

ክለቡን መልቀቅህንም አልወደድኩትም። ግን ያንተ ነገር ነው፤ እኔ ያዘዝኩህ አልቋል።

መልስ ያዘገየሁት በዚህ ነው። ወረቀቱን ይዤ እቀመጥና የምጠይቅህ ይጠፋኛል። እስከ ዛሬ የጻፍኩልህን ሁሉ ባስበው የጠየቅሁህ ስለ አንድ ሰው ነው።

የዓደን ነገር አላማረም። ዋርፋ በቃኝ ብሏል። መንገዱ ካልተዘጋ በጥቅምት በመርከብ ጅቡቲ፣ ከዚያ በባቡር እንመጣለን። ለልጆችህ ጫማ ልግዛላቸው ብዬ ባለፈው ሱቅ ሄጄ ነበር። ባለሱቁ «ወንዶች ናቸው ሴቶች? ስንት ዓመታቸው ነው?» አለኝ። የወንድሟን ልጆች የማታውቅ ሴት ምን ትላለች? ሌላ ቀን እመጣለሁ ብዬ ወጣሁ።

ስማቸውን ጻፍልኝ። እያንዳንዳቸውን ወረቀት ላይ አቁመህ እግራቸውን ዙሪያውን በእርሳስ አስምርና ላክልኝ። ቶሎ አድርገው፤ ከመሳፈራችን በፊት ይድረስልኝ።

እህትህ ሸምሶ